«እስቲ» ወይስ «እስኪ»

የእህቴ ባል በዚህ ዓለም የማይታገሠው አንድ ፊደል ብቻ ነው፤ «ኪ»። እሱ «እስቲ» ይላል፣ እህቴ «እስኪ» ትላለች። «እስኪ ጨው አቀብለኝ» ስትለው «እስቲ በይና ላቀብልሽ» ይላታል። እሷም ሞቷ ነው! ጨው ያልነካው ምግብ ትበላለች እንጂ አትልም።

ይህን የማውቀው ጎረቤታቸው ስለሆንኩ ነው። በዚያ ላይ እሱ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት ስልክ ተቀባይ ነኝ። ቤትም ሆነ ሥራ ቦታ ከእኔ ማምለጫ የለውም፣ ምስኪን!

ሥራው ፕሮግራም መጻፍ ነው። እንዳስረዳኝ ከሆነ፣ አንድ ፕሮግራም በብዙ ፋይል ተቆራርጦ ይጻፋል። ኮምፒውተሩ እነሱን ገጣጥሞ የሚሠራ ነገር እንዲያወጣ «የግንባታ ፋይል» የሚሉት ያስፈልገዋል፤ የትኛው የትኛውን እንደሚፈልግ፣ ማን ቀድሞ ማን እንደሚከተል የሚነግረው። ለሠርግ ፎቶ ዘመድ እንደሚያሰልፍ ሰው በሉት። ይህን በእጁ ሲጽፍ ኖረ። አንዱ ባልደረባው አዲስ ፋይል ጨምሮ ሳይነግረው ከቀረ፣ ግንባታው ቀጥ! ጩኸቱ ደግሞ በእሱ ላይ።

መረረውና መሣሪያ ሠራ። ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት አለ፤ እዚያ አንዲት ቃል ጽፎ ኢንተር መጫን ብቻ፤ ኮዱን ሁሉ ራሱ አንብቦ የግንባታውን ፋይል ራሱ ይጽፋል። ቃሏስ? «እስቲ» ነዋ!

ቤት ውስጥ ሲሞክረው እህቴ ከጀርባው መጣች።

«እስኪንም ጨምርበት፣ አንተ ሰውዬ። እንደኔ የሚል ሰው ሞልቷል።»

«ተሳስቶ የሚናገር ሞልቷል በይ!»

አልጨመረም። ይልቁንም «እስኪ» ብሎ ለሚጽፍ የሚወጣ መልስ አዘጋጅቶ አሳያት። እህቴ አንብባ በትራስ መታችው። በዚህ ተሳስቀው ተኙ፤ መልሱን ማጥፋት ግን ማን ያስታውስ!

መሣሪያው የሚታይበት ቀን ደረሰ። ኃላፊያችን ከተቀበሉት ከእጅ ሥራ ይገላገላል፤ ካልተቀበሉት ወደዚያው ጣጣ ይመለሳል። እኔ መልእክት የማደርስ መስዬ በር ላይ ቆምኩ።

ኃላፊያችን መነጽራቸውን አድርገው ተቀመጡ። «እኔ ራሴ ካልሞከርኩት አልቀበልም። ምን ብዬ ልጻፍ?»

«እስቲ ብለው ይጻፉ።»

ጻፉ፣ ኢንተር አሉ። ከዚያም መስኮቱ ላይ የወጣውን ጮክ ብለው አነበቡት፦

«እስኪ የሚባል ቃል የለም! ስንቴ ልንገርሽ፣ አንቺ ሴትዮ?»

የእህቴ ባል መልክ ምን እንደመሰለ እኔ ልጽፈው አልችልም፤ አመድ የሚለው ቃል ያንሰዋል።

«መቼ ነገርከኝና ነው ስንቴ የምትለኝ?» አሉ ኃላፊያችን።

«እርስዎን አይደለም! ሚስቴን ነው! ማለቴ... በ'ቲ' ነው የሚጻፈው።»

«እኔ አፌን ከፈታሁ ጀምሮ እስኪ ነው የምለው። የሰው አፍ ከማያውቅ መሣሪያ በእጅ መጻፉ ይሻለናል።» ሊነሱ ወንበሩን ገፉ።

እሱ አሁንም አፉን ሊከፍት! «ፊደሉ በትክክል...» ሲል ዘው ብዬ ገብቼ ጎኑን ቆነጠጥኩት።

«ጨምር!» አልኩት በሹክሹክታ።

«እትዬ፣ እሷ ከሰማች አለቀልኝ እኮ!»

«ጨምር ብዬሃለሁ!»

ጥርሱን ነክሶ መልሱን አጠፋና «እስኪ»ን ከ«እስቲ» እኩል ትእዛዝ አደረጋት። ኃላፊያችን ተመልሰው ተቀምጠው በአንድ ጣት ጻፉ። መሣሪያው ፋይሎቹን አንብቦ፣ ማን ማንን እንደሚፈልግ ለይቶ፣ የግንባታውን ፋይል ጽፎ ጨረሰ። ፕሮግራሙም ያለ አንዳች ጩኸት ተገነባ።

«ይኸው! ስታናግረው እኮ ይሰማል» አሉ። «ከነገ ጀምሮ ሁላችሁም በዚህ ሥሩ።»

ኮሪደር ላይ እጄን ያዘኝ። «እትዬ፣ በእናትሽ፣ እንዳትነግሪያት።»

«ምን ቆርጦኝ!» አልኩት፤ ወደ ስልኬም ሄድኩ። ስልክ ተቀባይ ስልክ ፊት ተቀምጣ ምን ታድርግ?

ማታ ቤቱ ሲደርስ በሩ ተቆልፏል። እኔ በመስኮቴ አያለሁ። አንኳኳ።

«ማን ነው?» አለች እህቴ ከውስጥ፣ ሳቋን አፍና።

«እኔ ነኝ። እስቲ ክፈችልኝ።»

«እንደሱ የሚባል ትእዛዝ አላውቅም!»

ግራ ቀኙን አየ፤ እኔ መጋረጃው ኋላ ሸሸት አልኩ። ከዚያ አፉን በሩ ላይ ለጥፎ፣ ቀስ ብሎ፣ «እስኪ» አለ።

በሩ ተከፈተ።