ያልሰጠምኩበት ቀን

በንስሐ አባቴ ፊት ብዙ ጊዜ ተንበርክኬአለሁ። ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ የሻርኩትን ፆም ሁሉ ዘርዝሬአለሁ። ይህችን አንዲት ነገር ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። ለእናቴም ለባሌም አልነገርኩም። ዛሬ ፊታችሁን ለማላየው ለእናንተ ልናገር፦ እኔ ያን ቀን አልሰጠምኩም። የሰጠምኩ አስመስዬ ነው።

ያወጡኝ ሰው ኮች ሬይ ይባላሉ። አሜሪካ፣ ሲያትል፣ ሴንትራል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር፣ የእኛ ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪና የዋና ቡድኑ አሠልጣኝ ነበሩ። ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ላይፍጋርድ ናቸው፤ ሰፈራችን አጠገብ ባለው ሐይቅ ዳር፣ ከፍ ያለ ነጭ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዋናተኛውን ይጠብቃሉ። ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ ኖረዋል። የሰፈሩ ሰው ግማሹ ዋና የተማረው ከእሳቸው ነው። ምላሳቸው እየተሳሰረም ቢሆን "ጥሩወርቅ" ብለው ስሜን ሳያሳጥሩ የሚጠሩኝ አሜሪካዊ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

እናቴ ውሃ ትፈራለች። "ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል" ብላ ዋና ከለከለችኝ። ኮች ሬይ ይህን ሲሰሙ አፓርታማችን ድረስ መጡ፤ አስተርጓሚያቸው እኔው ነበርኩ። "እኔ ወንበሬ ላይ እያለሁ ልጅዎን ውሃ አይወስዳትም" አሉ። እናቴ በቃል ብቻ አልረካችም፤ የሚካኤልን ሥዕል አስነክታ አስማለቻቸው። እየሳቁ፣ ግን ከልባቸው ማሉ። ዋና የጀመርኩት እንዲህ ነው።

ይህ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው፤ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። እናቴ ጠዋት የሆቴል ክፍል ታጸዳለች፣ ከዚያ እስከ ምሽት አንዲት አሮጊትን ቤታቸው ሄዳ ትንከባከባለች። ሌላ ዘመድ የለንም። የምንነጋገረው ፍሪጁ ላይ በምንለጥፈው ወረቀት ነበር። ስሜን ማንም ሳይጠራው የሚመሽበት ቀን ነበር። ያን ሰመር፣ ትምህርት ተዘግቶ ሳለ፣ ደግሞ ኮች ሬይ ጀማሪ ሕፃናት በዝተውባቸው ወደ እኔ መመልከት ተዉ። ለምንስ ይመልከቱኝ? ዋና ችያለሁ፤ ራሳቸው አስተምረውኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የመዋኛውን ክልል ከሚያሳየው ገመድ ወዲያ ዋኝቼ ሄድኩ። እጄን አነሣሁ፣ ገባሁ፣ ወጣሁ፣ አንድ ጊዜ ጮኽኩ፣ እንደገና ገባሁ። ውሃው ውስጥ ዓይኔን ገልጬ፣ ትንፋሼን ይዤ እጠብቅ ነበር። ልሙት ብዬ አይደለም። ልቀልድም ብዬ አይደለም። ለእኔ ብሎ የሚሮጥ ሰው እንዳለ ማወቅ ፈልጌ ነው።

ሮጡ። ወደ ሐይቁ ከሚገባው የእንጨት ድልድይ ላይ ሲወረወሩ ቀኝ ትከሻቸው ከምሰሶው ጋር ተጋጨ። በአንድ እጃቸው ጎትተው አወጡኝ። አሸዋው ላይ ሲያስተኙኝ ከሕመሙ የተነሣ ፊታቸው አመድ መስሏል፤ እሳቸው ግን የሚሉት "ተንፍሺ፣ አይዞሽ፣ ተንፍሺ" ነው። እኔ ምን አደረግሁ? ሳልኩ። ጉሮሮዬ ውስጥ አንዲት ጠብታ ውሃ ሳይኖር ሳልኩ። ያኔ "ውሸቴን ነው" ብል ኖሮ ነገሩ በቁጣ ያልቅ ነበር። ትከሻው ቀዶ ጥገና ቢደረግለትም አልዳነም፤ ወደ ወንበራቸውም አልተመለሱም።

እናቴ ለሚካኤል ስለት ተሳለች። በየዓመቱ ሰኔ ሚካኤል ዝክር ስትዘክር ኮች ሬይ ከካህኑ አጠገብ ይቀመጣሉ። በግራ እጅ መብላት ነውር መሆኑን አውቀዋል፤ ቀኝ እጃቸው ደግሞ እስከ አፋቸው አይነሣም። ስለዚህ አንገታቸውን ደፍተው አፋቸውን ወደ እጃቸው ያወርዳሉ። እናቴ ይህን ስታይ ታለቅሳለች፤ "ለልጄ የተሰበረ" ብላ ትከሻቸውን ትስማለች። እኔ ውሃ እቀዳለሁ፣ ሳህን አነሣለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ ግን እያደር ደፈረሰ። ስለት የገባበትን ውሸት እንዴት አድርጌ ልመልሰው?

ያውቁ ነበር? አሁንም ራሴን የምጠይቀው ይህንን ነው። ውሃ ውስጥ ትንፋሽ መያዝን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ ከዝክሩ ወጥተው መኪናቸው ድረስ ስሸኛቸው፣ "ያን ቀን ምን ሆነሽ ነው?" አሉኝ።

"እግሬን ክራምፕ ይዞኝ ነው" አልኩ።

"ኦኬ" አሉ። ቁልፋቸውን አወጡና እንደገና "ኦኬ" ብለው በር ከፈቱ።

በዘጠናዎቹ መጨረሻ ታመሙ። ከእናቴ ጋር ሆስፒታል ሄድን። "ልጄን መልሰው ሰጥተውኛል፣ ዋጋዎን እሱ ይክፈልዎት በይልኝ" አለችኝ። ቃል በቃል፣ ሳልደናቀፍ ተረጎምኩ። እሳቸው ያዩት እናቴን ሳይሆን እኔን ነው። ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ጠበቁኝ። እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም፤ እዚያው አልጋው አጠገብ ብናዘዝ ከእሳቸው በቀር የሚሰማኝ አልነበረም። እኔ ግን ብርድ ልብሱን አስተካከልኩላቸው።

በሳምንቱ ዐረፉ። ሐይቁ ዳር በተደረገው መታሰቢያ ተማሪዎቻቸው ተራ በተራ ተናገሩ። እኔም ወጣሁ። "ከሞት ያወጡኝ እሳቸው ናቸው" አልኩ፤ ሰው አለቀሰ። ልጅ ነበርሽ ትሉኝ ይሆናል። ውሃው ውስጥ ልጅ ነበርኩ። ያን ማይክሮፎን ስይዝ ግን ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር።

ከውሸቱም የሚብስ አለ። ወንበራቸውን ካጡ በኋላ፣ ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ኮች ሬይ ልብሳቸውን እንደለበሱ መጥተው ሐይቁ ዳር አንድ አግዳሚ ላይ ብቻቸውን ይቀመጡ ነበር። ወደ ሥራ የምሄድበት አውቶቡስ በዚያ ያልፋል። በመስኮቱ አያቸዋለሁ፤ እሳቸው ውሃውን ያያሉ። ሰው ሳይመጣልህ መዋል ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቅ ነበር? ስድስት ሰመር በዚያ አለፍኩ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅር ማለት የሚችሉት እሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን እንኳ ከአውቶቡሱ አልወረድኩም።