በጋሽ ተፈራ ቅጽ ላይ የጨመርኩት

ባለፈው ሳምንት እዚህ ካርቱም፣ ጀሪፍ ሰፈር ካለ ክሊኒክ የደረት ራጅ ተነሣሁ። ሁለት ሐኪሞች ለየብቻቸው፣ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ አዩት። ልጄ "አብረው አይተው አይጨርሱትም እንዴ?" ብላ ተነጫነጨች። እኔ ምክንያቱን አውቃለሁ፤ ማወቁ ሥራዬን አስከፍሎኛል።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከካላክላ ሰፈር ሃፍላ በሚሉት የከተማ አውቶቡስ ተጨናንቄ፣ አቧራዬን አራግፌ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ክፍል እገባ ነበር። ከውጭ አገር ቤተ ሙከራ የመጣ፣ የቅንጣቶች ግጭት የተነሣበት ፊልም በመብራት አጉልተን ጠረጴዛ ላይ እናያለን። ፕሮቶን ከፕሮቶን ሲጋጭ የሚወለዱት ቅንጣቶች ቀጫጭን መስመር ትተው ያልፋሉ። ኡስታዝ የምንለው ሱዳናዊ አለቃችን ቅንጣቶቹን "ሐድሮን" ይላቸዋል፤ ለእኔ ጭረት ናቸው። ግጭቱን ፈልጎ፣ ስንት መስመር እንደወጣ ቆጥሮ ቅጽ መሙላት ነው ሥራችን። አንዱን ፊልም ሁለት ሰው፣ ሳይነጋገር፣ ያየዋል።

ሁለተኛው ሰው ጋሽ ተፈራ ነበሩ፤ አገር ቤት ሒሳብ ያስተምሩ የነበሩ፣ እንደኛው ስደተኛ። አንድ ቀን ቅጻቸውን ሰርቄ ባየው ብዙ ግጭት አልፏቸዋል። ዓይናቸው ደክሟል። መባረራቸው አይቀርም ብዬ ፈራሁ፤ ካርቱም ውስጥ "መምህር" ተብለው የሚጠሩት እዚያች ክፍል ብቻ ነበር። ስለዚህ ረፋድ ላይ ፉል ሊበሉ ሲወጡ የጎደለውን ከራሴ ቅጽ እያየሁ በእሳቸው አጣጣል እሞላላቸው ጀመር። ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ከወራት በኋላ፣ ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ተነሥቶ መስኮቱ በቀላበት ጠዋት፣ ኡስታዝ ቅጾቹን ይዞ መጣ።

"የሁለታችሁም አንድ ነው። ያመለጣችሁ የለም ማለት ነው፤ ውጤቱን ልልከው ነው" አለ።

ጋሽ ተፈራ ቅጻቸውን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ቆዩ። "እኔ ይህን ሁሉ አላየሁም" አሉ።

"እኔ ነኝ የሞላሁት። እንዳይባረሩ ብዬ ነው" አልኩ።

ኡስታዝ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ያ ቢቲ" አለኝ፣ ልጄ ማለቱ ነው፤ "አንዳችሁ አይቶ ሌላችሁ የሳተውን ሳነጻጽር ነው ሁለታችሁም የሳታችሁት ስንት እንደሆነ የምገምተው። የሳቸው ስሕተት በሒሳብ ይስተካከላል። ያንቺን በምን ላስተካክለው?"

ፊልሙ እንደገና ከሀ መታየት ነበረበት። ጋሽ ተፈራ በሥራቸው ቀሩ፤ እኔ ተሰናበትኩ። እስከ በሩ ሸኙኝ።

"ምነው ልጄ፣ ዓይኔ እንደደከመ እኮ ገና ስቀጠር ለኡስታዝ ነግሬዋለሁ" አሉኝ።

እሳቸው ካረፉ ቆዩ፣ ሥራውም ተረሳኝ። ያን ሁሉ ወር አጠገባቸው ተቀምጬ፣ አንድ ቀን እንኳን "ጋሼ፣ ይታይዎታል?" ሳልላቸው ሳዝንላቸው መክረሜ ግን አሁንም ያሳፍረኛል።