ከደባርቅ እስከ ዳባት ግድብ፣ ከልጄ ከስንዱ ጋር

በኅዳር ወር በአንድ ማክሰኞ፣ ጠዋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከልጄ ከስንዱ ጋር ከደባርቅ ተነሣን። ስንዱ ትራያትሎን ለሚባል ውድድር ትለማመዳለች፤ ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ያለ ዕረፍት የሚከታተሉበት ነው። ከዳባት በታች ባለው የመስኖ ግድብ አንድ አሠልጣኝ ከጎንደር መጥቶ ባሕር ዳር የሚሠለጥኑ ልጆችን ሊመርጥ ነበር። ስንዱ ዐሥራ ዘጠኝ ሞልቷታል። ከዘንድሮ በኋላ በዕድሜ አይቀበሏትም።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ስለ ስፖርት የማውቀው አልነበረም። ሦስት ዓመት ግን አብሬያት ሠልጥኛለሁ ማለት እችላለሁ። ስትሮጥ ሰዓት እይዝላታለሁ። ስትዋኝ የናይሎን ገመድ ወገቧ ላይ አስሬ፣ ጫፉን ይዤ በዳር በዳር እሄዳለሁ። አባቷ በሰሜን ተራሮች በጨነቅ መንገድ የቱሪስት በቅሎ ይጭን ነበር። አንድ ክረምት ከመካነ ብርሃን ሲመለስ ወንዝ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ የሚወርድም ሆነ የቆመ ውሃ አላምንም።

ለዚያ ቀን ናይሎኑን ቤት ተውኩት። አንድ ቦታ ላይ ሳስቶ አይቼዋለሁ። በምትኩ አባቷ ጭነት ያስርባቸው የነበሩትን ሁለት የጠፍር መጫኛዎች፣ ከቆዳ የተሠሩ ረጃጅም ገመዶች፣ ቀጥዬ ያዝኩ። ጠፍር በቅሎ ከነጭነቷ ይይዛል።

በመንገድ ላይ

ስንዱ በብስክሌት ቀደመች፤ እኔ መቶ ሃያ ብር ከፍዬ በሚኒባስ ተከተልኩ። ብርዱ ጣት ይቆርጥ ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ ገብስ ታጭዶ ተከምሯል፤ ጭድ የጫኑ አህዮች አስፋልቱን ዘግተው ሹፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል። ከግማሽ መንገድ በኋላ ስንዱን ደረስንባት። አጎንብሳ ትጋልባለች።

ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ በመስኮት አዩዋት። «ይህች የማን ልጅ ናት? ባሏ የኮበለለባት ትመስላለች» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

«የእኔ ልጅ ናት፣ አባቴ» አልኳቸው።

«ታዲያ ማንን ነው የምታሳድደው?»

«ሰዓት ነው።»

«ኧረ እናንተ! ሰዓትን ማን ይዞት ያውቃል?»

እኔም ሳቅሁ። ዘወር ብዬ እስክትሰወር ድረስ አየኋት።

ዳባት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል

ስንዱ ስትደርስ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ በሶ በጠበጥኩላት። ሦስት ጊዜ ተጎንጭታ መለሰችልኝ። «ይበቃኛል፣ እማዬ። ሆዴ ይከብደኛል።» ከዚያ ብስክሌቱን እየገፋን በአቧራው መንገድ ግማሽ ሰዓት ያህል ወረድን።

ግድቡ

ዐሥራ ሁለት ልጆች ተሰልፈዋል። አሠልጣኙ ደንቡን ነገራቸው፤ በግድቡ ዳር አራት መቶ ሜትር ይዋኛል፣ ከዐሥር ደቂቃ ያለፈ ወደ ብስክሌቱ አይሄድም። ስንዱ ስትለማመድ በዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ትጨርስ ነበር።

መጫኛውን ሲያይ አሠልጣኙ ፈገግ አለ። «እናቴ፣ በውድድር እኮ ገመድ የለም።»

«ዛሬ ውድድር አይደለም፣ ልጄ። ወንዝ ባሌን ወስዶብኛል።»

«እሺ ይያዙ። ከጎተቷት ግን አይቆጠርላትም» አለኝ።

አልጎተትኩም። በዳር እየሄድኩ መጫኛውን አላልቼ ያዝኩላት። መሄጃውን እንደ ወትሮዋ ሄደች። ስትመለስ ክንዷ እየዘገየ መጣ። የደከማት መስሎኝ «በርቺ!» እያልኩ ጮህኩ።

ስትወጣ አሠልጣኙ ሰዓቱን አሳየን። ዐሥር ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። መጫኛውን ሊሰበስብልኝ አነሣና በእጁ መዘነው። «እናቴ፣ ይኼ እኮ ድንጋይ ሆኗል።»

ውሃ የጠጣ ጠፍር እንደሚከብድ የበቅሎ ጫኝ ሚስት አታውቅም አይባልም። ስንት ክረምት ሙሉ አድርቄዋለሁ። ፍርሃቴ አስረሳኝ። ያለ ገመድ አንድ ጊዜ ደግማ ትዋኝ ብዬ ለመንኩት።

«ሌሎቹ የዋኙት አንዴ ነው። ለእርሷ ብደግምላት እነርሱን ምን እላቸዋለሁ?»

እውነቱን ነው። ስሟን ሳይጽፍ ወደሚቀጥለው ልጅ ዞረ።

መመለሻ

ዳባት መናኸሪያ ብስክሌቱን ሚኒባስ ላይ አስጭነን ጎን ለጎን ተቀመጥን። «መክበዱ አልታወቀሽም?» አልኳት።

«መሐል ላይ ታወቀኝ።»

«ታዲያ ለምን አልፈታሽውም?»

በመስኮት እያየች መለሰችልኝ። «ብፈታው የሰጠምኩ መስሎሽ ዘለሽ ትገቢያለሽ ብዬ ፈራሁ። አንቺ ዋና አታውቂም።»



ልጄን የምጠብቃት እኔ መስሎኝ ነበር። ለካ ውሃ ውስጥ ሆና የምትጠብቀኝ እርሷ ኖራለች። ይህን ለማወቅ የእርሷ ዕድል ማለቅ አልነበረበትም። እናንተ ልጅ የምታሳድጉ እናቶች፣ ልጃችሁን ደግፌ ይዣለሁ ስትሉ፣ ከብዷት እንደሆነ ጠይቋት። እኔ አልጠየቅኩም።

በማግሥቱ ንጋት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደ ልማዴ ነቃሁ። ስንዱ በዚያ ሰዓት ለሩጫ ትነሣለች፤ እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ «ብርድ ነው ልጄ፣ ዛሬ እንኳ ተኚ» ስላት ኖሬያለሁ። አንድም ቀን ሰምታኝ አታውቅም።

ያን ቀን ተኛች።