ፀጉር ማድረቂያውን ያስቆመው ፈርጥ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በአንድ እሑድ ነው። በዕድሜዬ ብዙ ነገር ሠርቻለሁ፤ የዚያን ቀኑን ግን ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳልናገር አላልፍም።

የምኖረው ቤይሩት፣ ቡርጅ ሐሙድ ነው። የሕንፃ ዘበኛ ሆኜ ነው ያረጀሁት። ድንጋይ መቁረጥን ግን ማንም አላስተማረኝም። ከአሮጌ የልብስ ማጠቢያ ሞተር ማሽን ሠርቼ፣ በረንዳዬ ላይ ኢያስጲድ የሚባለውን ድንጋይ እየሞረድኩ፣ ከታች ጠፍጣፋ ከላይ ሆዱ የተነፋ የቀለበት ፈርጥ አወጣለሁ። ከእኔ የተሻለ የሚያለሰልስ ካለ ይምጣና እንተያይ!

ያን ዕለት ጠዋት ዘሃራ የምትባል የወሎ ልጅ እያለቀሰች መጣች። ማታ ወደ አገሯ በራሪ ናት። ከቤት ስትወጣ አባቷ ከጣቱ አውልቆ የሰጣት የብር ቀለበት ነበራት። አባቷ እሷ እዚህ ሳለች ሞተ። አሁን የማዳሟን ወለል ስታጥብ ቀለበቱ ከዕብነ በረዱ ተጋጭቶ፣ ቀዩ ፈርጥ ፍርክስክስ አለ።

«ጋሼ፣ ባዶ ቀለበት ይዤ እናቴ ፊት እንዴት እቆማለሁ?»

«እኔ እያለሁ ታለቅሻለሽ?» አልኳት። ደም የመሰለ ኢያስጲድ ለእንዲህ ያለ ቀን አስቀምጬ ነበር። ቆረጥኩትና በትኩስ ሰም እንጨት ጫፍ ላይ አጣበቅኩት።

ችግሩ መብራት ነው። እኔና ከሥሬ ያለችው ፀጉር ሠሪ ሰብለ አንድ ኢሽቲራክ፣ ያኒ ከሰፈሩ ጄኔሬተር የተሳበ አንድ መስመር ነው ያለን። የእኔ ማሽንና የእሷ ማድረቂያ አብረው ከተነሱ ለሁለታችንም ይጠፋል። እሑድ ደግሞ የሐበሻ ሴቶች የዕረፍት ቀን ነው፤ ሳሎኑ ጢም ብሏል።

ማሽኔን አስነሣሁ፤ ጠፋ። ብሬከሩ ያለው ምድር ቤት ነው፤ በዚህ ጉልበቴ ወርጄ መለስኩት። እንደገና ጠፋ፤ ደግሜ ወርጄ መለስኩት። በበረንዳው ጮህኩ።

«ሰብለ! ማድረቂያሽን አጥፊ!»

«ሙሉ ቤት ርጥብ ፀጉር ይዤ? ጋሼ፣ ድንጋይዎ ጉንፋን ይዞታል እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ዘሃራ ከጎኔ አንገቷን አሰገገች።

«ሰብልዬ፣ የአባቴ ቀለበት ነው! ማታ በራሪ ነኝ!»

ከዚያ ሰብለ፣ «ኸላስ! ያላ ጋሼ፣ ይፍጠኑ!» ብላ ማድረቂያውን አጠፋች።

ሴቶቹ ፎጣ እንደጠመጠሙ ደረጃውን ወጥተው ቤቴን ሞሉት። አንዷ «በኢየሱስ ስም!» ትላለች፤ ዘሃራ «ያ ረቢ!» ትላለች። እኔ እሞርዳለሁ፣ ከብሩ ማቀፊያ ጋር እለካለሁ፣ ደግሞ እሞርዳለሁ። እጄ የጎረምሳ እጅ ሆነ! በመጨረሻ ርጥብ ቆዳ ላይ በማለስለሻ ዱቄት ስፈትገው፣ ድንገት የበረንዳዬ ሰማይ ድንጋዩ ላይ ታየ። ማቀፊያው ውስጥ ሳስገባው ልክክ አለ። እልልታው የጎረቤቴን አርመናዊት አሮጊት በመስኮት አወጣት። ፀጉሩ በበረንዳዬ ፀሐይ ደረቀ፤ ዘሃራም ቀለበቷን አድርጋ ሄደች።

ከወሎ ደወለችልኝ። እውነቱን ለእናቷ ነግራታለች። እናትየው ቀለበቱን አገላብጣ አይታ፣ «ባባትሽ ጣትስ እንዲህ አብርቶ አያውቅም» ብላ አለቀሰች። ከዚያ ስልኩን ተቀብላ መረቀችኝ።

ሳስታውሰው ዛሬም ልቤ ይዘላል። ለማንም ማሽኔን አጥፍቼ የማላውቀው ሰውዬ፣ አሁን እሑድ እሑድ ኢያስጲድ አልነካም። የሰብለ ማድረቂያ ከሥሬ ሲጮኽ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። ይጩኽ፤ ተራው የእነሱ ነው።