ከወደቀበት እስከ ሆስፒታሉ በር

አምቡላንስ ላይ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሾፌሩ ጋሽ ታዬ የፊተኛውን በር ከፍተው «ሲስተር፣ ግቢ» አሉኝ። ከመልካ ጀብዱ ምጥ የያዛት ሴት ልናመጣ ነበር። «ስንመለስ ከኋላ እሷ ጋ ማን ይቀመጣል?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ዘመዶቿ ናቸዋ! የኋላው ሙቀት ይገድልሻል» አሉኝ።

ለካ አሠራሩ እንዲህ ኖሯል፤ ነርሷ ፊት ተቀምጣ መንገድ ታያለች፣ በሽተኛዋ ከኋላ ከአክስቷ ጋር ትንገላታለች። በመልሱ ጉዞ ከኋላ ገባሁ። ሙቀቱ እውነትም ይገድላል። ግን ደሟንና ትንፋሿን የሚከታተል ሰው ከሌለ አምቡላንሱ ጩኸት ያለው ታክሲ ነው። ንዴቴ የጀመረው ያን ቀን ነው፣ ጡረታ ወጥቼም አልበረደልኝም።

የአንገት መደገፊያና በሽተኛ አጋድመን የምናስርበት ሰሌዳ ነበረን። የት? ንብረት ክፍል፣ ተቆልፎባቸው። ላወጣቸው ስሄድ ንብረት ጠባቂው «ከጠፉ ማን ይጠየቃል?» አለኝ። «ሰው ከጠፋስ ማን ይጠየቃል?» ብዬ ጮህኩበት። እስኪሰጠኝ ድረስ ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ ጨቀጨቅኩት።

ከብዙ ዓመት በኋላ ከዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች መጡ። ድንገተኛ ሕመምተኛ ሆስፒታል እስኪደርስ ምን ይደረግለታል የሚል ጥናት ነበር። መሪያቸው ዶክተር ሚኪያስ ትሑት ወጣት ነው። እኔንም ለጥናቱ ጊዜ ከአምቡላንስ አውርደው ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ጠያቂ አድርገው አቆሙኝ።

«በምን መጣህ?» እላለሁ። «በባጃጅ።» «ማን አነሳህ?» «ሰዉ።» «መንገድ ላይ ምን ተደረገልህ?» «ውሃ አፈሰሱብኝ።» ቀጥሎ «አምቡላንስ ለምን አልጠራህም?» የሚል ጥያቄ ነበር። ለመልስ የተቀመጡት ምርጫዎች ሁለት ናቸው፤ ቁጥሩን አላውቅም፣ ወይም አስፈላጊ አልመሰለኝም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ባጃጅ እየከነፈ ገባ። ውስጡ ከድር የሚባል፣ ታይዋን ገበያ የልብስ ቦንዳ ከአይሱዙ የሚያወርድ ሰው ነበር። ከቦንዳው ክምር ላይ ወድቋል። ሁለት ጓደኞቹ መሀላቸው ቁጭ አድርገው፣ ወገቡን አጥፈው፣ ጭንቅላቱን ደግፈው አመጡት። «አልሐምዱሊላህ፣ ደረስን!» አለ ነጂው ጀማል ላቡን እየጠረገ።

ከድር ግን «እግሬ የት አለ?» ይላል።

«ወላሂ ወድቆም ይራገጥበት ነበር» አለ አንዱ ጓደኛው። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ።

«ማን አንሱት አላችሁ? ወገቡ የተመታ ሰው ማን አስቀምጡት አላችሁ?»

«አቦ ሲስተር፣ ደወልን እኮ!» አለ ጀማል። «መኪና የለም ተባልን። አስፋልት ላይ ጥለነው እንቁም? ነውር አይደለም እንዴ?»

እውነቱን ነው። እኛ ከተማ የወደቀ ሰው መሬት ላይ እያዩ ዝም ብሎ መቆም ነውር ነው። ሁሉም ይሻማል፤ ያነሱታል፣ ያስቀምጡታል፣ ውሃ ያጠጡታል። ደግነት ነው። የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው፤ የምቆጣው ሰው ያሳጣኛል።

ወዲያው ጋሽ ታዬ ጋ ደወልኩ። «ኤርፖርት ነኝ» አሉ እያፈሩ። «ለስብሰባ የሚመጡ እንግዶች አሉ፣ ተቀበል ብለውኝ ነው።» የላካቸው ኃላፊያችን ነው። የምቆጣው ሰው ተገኘ።

የከድር ባለቤት ዘሃራ ነጠላ ጫማዋ አንዱ እግሯ ላይ ብቻ ቀርቶ ደረሰች። ሐኪሙ እግሩ እንደማይመለስ ሲነግራት እኔን ይዛ «ሲወድቅ ደህና ነበር አሉኝ እኮ! ታዲያ መንገድ ላይ ምን ነካው?» አለችኝ። ሐኪሙ ጉዳቱ ሲወድቅ ይድረስ ሲነሳ መለየት አይቻልም ብሏል። እኔ ግን ያንን ሳልነግራት ወንበር ላይ አስቀመጥኳት።

የጥናቱ ውጤት በአዳራሽ ቀረበ። ኃላፊያችን ማይክሮፎኑን ተቀብሎ «ችግሩ የግንዛቤ ነው። ኅብረተሰባችን አምቡላንስ የመጥራት ባህል የለውም» አለ። ግንዛቤ! ይህችን ቃል ስሰማ ጥርሴን ያመኛል።

እጄን ሳላወጣ ተነሳሁ። «ደውለዋል። መኪናው እርስዎ የላኩት ቦታ፣ ኤርፖርት ነበር።»

«ሲስተር፣ መድረኩ የጥናት ነው። ቅሬታ ካለሽ ቢሮ ነይ።»

«እኔ እመጣለሁ። ከድር ግን ቢሮዎ መምጣት አይችልም።»

ዶክተር ሚኪያስ ቀስ ብሎ ተነስቶ «ለምን አልጠራችሁም አልን እንጂ ጠርታችሁ ምን ተባላችሁ ብለን አልጠየቅንም። ጥፋቱ የእኛም ነው» አለ። ጥያቄው በቀጣዩ ዙር መጠይቅ ላይ ተጨመረ። እኔ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ከአምቡላንስ ተነስቼ ክትባት ክፍል ተመደብኩ። ለሥራው አስፈላጊነት ተባለ።

አንድ ዓርብ ጀማል ክትባት ክፍል ድረስ መጣ። ከድርን ካመጣበት ቀን ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል። «ሲስተር፣ ነይና አሳይን» አለኝ። ደቻቱ ድልድይ አጠገብ ወዳለው የባጃጅ ተራ ሄድኩ። አንዱን ነጂ መሬት ላይ አስተኝተን ጭንቅላትና ወገብ እንዴት ሳይጣመም እንደሚያዝ፣ ግድ ሲሆን መላ ሰውነቱ እንዴት በአንድ ላይ ዞሮ ሰሌዳ ላይ እንደሚወጣ ደጋገምነው። ይህን ቶሎ ለመዱት። የከበዳቸው ሳያነሱ መቆየቱ ነው፤ እጃቸው ወደ ተኛው ሰው ብብት ይሮጣል።

አንድ ሽማግሌ ሲያልፉ እውነት መስሏቸው «እናንተ ልበ ደረቆች፣ አንሱት እንጂ!» ብለው ከዘራቸውን አነሱ።

ጀማል የተኛውን ጭንቅላት በሁለት እጁ እንደያዘ፣ ቀና ሳይል «አናነሳውም አባባ። ወገቡ ነው» አላቸው።

በሥራ ዘመኔ የተማርኩት ይህ ነው። ከከፍታ የወደቀን ሰው አታንሱት። ጭንቅላቱን ያዙለት፣ አነጋግሩት፣ ጥላ ሁኑለት፣ ደውሉ። መኪናው ደግሞ መምጣት አለበት።