ከማኮብኮቢያው ሥር

ፀደይ ዋለልኝ አባቷን አታውቃቸውም። ሰሜን ጦር ግንባር ሲወድቁ ገና በእናቷ ማህፀን ነበረች። መርዶው መጣ፤ አስከሬን ግን አልመጣም፤ የት እንደወደቁ የሚናገርም አልተገኘም። እናቷ ወይዘሮ እታገኝ ያንን ሐዘን ይዘው፣ ልጃቸውን አዝለው ተሰደዱ፤ ኖርዌይ፣ ኦስሎ ገብተው ቬስትሊ በሚባል፣ ባቡሩ ከሚያበቃበት ሰፈር ኑሮ ጀመሩ። ፀደይ እዚያው አድጋ የከርሰ ምድር ጥናት ተማረች። የዛሬ ሥራዋ መሬት ሳይቆፈር ውስጡን በራዳር ማየት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በግንቦት፣ መሥሪያ ቤቷ ወደ ሰሜን፣ ከየብስ ርቃ ወደምትገኝ ትንሽ ደሴት ላካት። ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሶቪየት ምርኮኞች ጉልበት ያሠሩት የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ እዚያ አለ። ሳይጠናቀቅ ጦርነቱ አበቃና የበግ መስክ ሆኖ ቀረ። አሁን የአካባቢው አስተዳደር፣ ኮሙኑ፣ አስፋልት አንጥፎ የአምቡላንስ አውሮፕላን ሊያሳርፍበት አስቧል። ደሴተኛው ሲታመም ያለው መሻገሪያ ጀልባ ብቻ ነው፤ ባሕሩ ሲቆጣ እሱም የለም። የፀደይ ሥራ ከሥሩ ያልፈነዳ ቦምብ አለመኖሩን ማረጋገጥ ነበር።

ከማኮብኮቢያው ጠርዝ ቤት ያላቸው ፊሊፕ የሚባሉ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ዝናብ ሲደበድባት አይተው አስገቧት። ልብሷ እስኪደርቅ በልጅነታቸው ያዩትን አጫወቷት። ምርኮኞቹ ሣር እስከመጋጥ ይራቡ ስለነበር የፊሊፕ እናት ከሽቦ አጥሩ ሥር ቅቅል ድንች ያስቀምጡላቸው ነበር። አንድ ቀን ዘበኛው ደረሰበት። ድንቹን ያነሣውን ሰው እዚያው ተኩሶ ጣለው፤ ጓደኞቹንም አስገድዶ የማኮብኮቢያውን ጠጠር አስደፋበት።

«ለኮሙኑ ሰዎች ተናግሬ ነበር» አሏት ፊሊፕ። «የሞቱት ሁሉ ከጦርነቱ በኋላ ተነሥተው በክብር ተቀብረዋል አሉኝ። ያ ሰው ግን አልተነሣም። ቦታውን በየቀኑ በመስኮቴ አየው የለ።»

በማግስቱ ራዳሩን እሳቸው ወዳሳዩዋት ቦታ ወሰደችው። ስክሪኑ ላይ የታየው አንድ ጉድጓድ ብቻ አልነበረም። በሰው ቁመት ልክ የሆኑ፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ ጉድጓዶች ነበሩ።

የፕሮጀክቱ ኃላፊ የደሴቲቱ ተወላጅ ነው፤ የገዛ ወንድሙ ታሞ ጀልባ ሲጠብቅ ሞቶበታል። ድንጋይ ሊሆን አይችልም ወይ ብሎ በለሰለሰ ድምፅ ጠየቃት። አርኪዮሎጂስቶች ከገቡ ሥራው ቢያንስ እስከ ቀጣዩ ዓመት እንደሚቆም ሁለቱም ያውቃሉ። ፀደይ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ሲነጋ መቃብር ነው ብላ አስታወቀች።

ሥራው ቆመ፤ ሱቅ ስትገባ ወሬ የሚያቋርጥ በዛ። በነሐሴ ቁፋሮው ሲጀመር አጽሞቹ ወጡ፤ አንዳንዶቹ የእጅ አንጓቸው ላይ የዛገ ሽቦ ነበር። ስም የሚናገር ነገር አልተገኘም። ፊሊፕ ባርኔጣቸውን አውልቀው ነፋሱ ላይ ቆመው ዋሉ።

«የቱ ነው እሱ?» አሏት በመጨረሻ።

«ማወቅ አልቻልንም» አለች። ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ቤታቸው ገቡ።

በጥር ባሕሩ በተናወጠበት ሰሞን ፊሊፕን የልብ ሕመም ጣላቸው። ጀልባ መውጣት አልቻለም፤ ማኮብኮቢያውም እንደተቆፈረ ነበር። ጎረቤቶቻቸው ከበዋቸው እቤታቸው ሞቱ። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ይህንኑ በአጭር መልእክት ነገራት፤ የወቀሳ ቃል አልጨመረበትም።

ፀደይ እናቷ ቤት ሄዳ ነገረቻቸው። «ድንጋይ ነው ብል ኖሮ፣ እማዬ፣ አውሮፕላኑ ያርፍ ነበር።»

ወይዘሮ እታገኝ ጥፋትሽ አይደለም አላሏትም። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ አይተዋቸው ለማያውቁት ሰው አለቀሱ። ከዚያ፣ «ሄደሽ ቅበሪያቸው» አሏት።

ሄደች። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የፕሮጀክቱ ኃላፊ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት፤ ሌላ ያናገራት አልነበረም። ከቀብር ስትመለስ አንዲት የፊሊፕ ጎረቤት በመኪናዋ እስከ ወደቡ አደረሰቻት፤ መንገዱን ሁሉ ስለ አየሩ ብቻ አወሩ።

ማኮብኮቢያው በተከታዩ ሐምሌ ተመረቀ። ፀደይ ተጠርታ ነበር፤ አልሄደችም።