ሞተር የሚያከርመው ጥዑመልሳን

ጥዑመልሳን ማለት አንደበተ ጣፋጭ ማለት ነው ይላሉ። ስሙን ያወጡለትን ቄስ እግዜር ይቅር ይበላቸውና፣ እኔ ከባሌ አፍ ጣፋጭ ነገር ሲወጣ የሰማሁት ለጀልባ ሞተር ሲያወራ ብቻ ነው። "አይዞሽ፣ ደርቀሻል፣ አሁን አረፍ በይ" ይላታል አንዷን በጨርቅ እየወለወለ። ለእኔ ግን "ስንቅነሽ፣ ውሃ" ነው። በቃ፣ አለቀ።

ሥራውን ለአገር ቤት ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ዘበኛ ነው ብል ይቀለኛል፤ ሱዳኖቹም ገፊር ነበር የሚሉት፣ ዘበኛ ማለታቸው ነው። ግን ዘበኛ ብቻ አልነበረም። ካርቱም ውስጥ፣ ቡሪ በኩል ዓባይ ዳር፣ ማሕሙድ የሚባል ሱዳናዊ ጀልባ የሚያከራይበት ግቢ ነበረው። በብርዱ ወራት ሰው ዓርብ ዓርብ ልጆቹን ይዞ እስከ ቱቲ ደሴት ይንሸራሸርባቸዋል። ክረምት መጥቶ ደሚራው ሲደርስ፣ ማለት ወንዙ ከኛ አገር ሞልቶ ሲወርድ፣ ጀልባ አይወጣም። ጀልባዎቹ ወደ ደረቁ ይጎተታሉ፣ ሞተሮቹ ከኋላቸው ተፈትተው መኽዘን ይገባሉ፤ መጋዘኑን ነው መኽዘን የምንለው። እነሱን የሚያከርመው ጥዑመልሳን ነው። ከፍልሰታ ጾም በፊት ያስገባቸዋል፣ ከመስቀል በኋላ ያወጣቸዋል። ማሕሙድ እስላም ሆኖ ሳለ "ዘንድሮ ፍልሰታ መቼ ነው?" ብሎ መጠየቅ ለምዶ ነበር።

የተዋወቅነው በአንዲት ቃል ስሕተት ነው። እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ከወንዙ ማዶ፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ነው፤ አማርኛዬን ከእናቴ፣ ዓረብኛዬን ከመንገድ ነው የተማርኩት። ገበያው ዳር አንዲት የስፌት ቤት ነበረችኝ፣ ድንኳንና የጭነት መኪና ሸራ የምሰፋባት። ደቡብ ሱዳን በተገነጠለ በዓመቱ አንድ ጠራራ ቀን ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ረጅም ሰውዬ እየሮጠ ገባ። አንገቴ ላይ ያለውን ክር አይቶ "እህቴ፣ በማርያም ደብቂኝ" አለኝና መልሴን ሳይጠብቅ ሸራው ክምር ሥር ተወሸቀ። እኔም ከሻ የመጣ መሰለኝ። ከሻ የምንለው ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ሰው ከመንገድ የሚያፍስበትን ነው። ወጥቼ ባይ ባይ ሬክሻ፣ ማለት ባጃጅ፣ እንጂ ፖሊስ የለም።

"ማነው ያባረረህ?" አልኩት።

"ፖሊስ። መኽዘን ውስጥ ናቸው።"

"አየሃቸው?"

"አላየሁም። አሠሪዬ ማሕሙድ ከውስጥ ሆኖ ጮኾ ነገረኝ። ፊ ኑግጣ፣ ፊ ኑግጣ አለኝ። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፣ እግሬ አውጪኝ አልኩ።"

ማደሪያው እኛ ሰፈር ስለሆነ ከቡሪ በሃፍላ፣ በሚኒባስ፣ ድልድዩን ተሻግሮ መምጣቱ ነው። ኑግጣ ለስደተኛ ሰው አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ የሰፈር ፖሊስ ጣቢያ ነው። ከሻ ሲያፍስህ የሚወስድህ ወደዚያ ነው። ዓረብኛ የለመደ ሰው ግን ኑግጣ ጠብታም እንደሆነ ያውቃል። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። "ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ፣ ቤንዚን እየተንጠባጠበ ነው ያለህ" አልኩት። እሱ አልሳቀም፣ ፊቱ አመድ መሰለ። ማሕሙድ ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ፣ ሊያወጣለት ቃል ገብቶለት ነበርና "አበቃልኝ" አለ።

አሳዘነኝ። በሱ ዓረብኛ ይህን ማስረዳት እንደማይችልም ገባኝ። ስለዚህ ሱቄን ዘግቼ አብሬው ሄድኩ። ስንደርስ ማሕሙድ መኽዘኑ ውስጥ ተንበርክኮ፣ የሚያፈሰውን ቱቦ በአውራ ጣቱ ደፍኖ እንደያዘ ነው፣ ቢለቀው ስለሚፈስ። ለካ "ጠብታ አለ፣ ሲኒያ አምጣ" ነበር ያለው። ሲኒያ ሱዳኖች ተሰብስበው የሚበሉበት ሰፊው የብረት ትሪ ነው። ወለሉ ረጥቧል፣ ሽታው ዓይን ያቃጥላል፣ ሰውየው በንዴት ጥርሱን ነክሷል። የሆነውን ሳስረዳው ሳቁ መጣበትና እዚያው እርጥቡ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሌን ኑግጣ እያለ ነው የጠራው፣ ግቢው እስኪዘጋ ድረስ።

ጥዑመልሳን ግን ያቺን ቀን አልረሳትም። ጠብታ የሚባል ነገር እንደ ደመኛ ያዘው። ሞተር ዝም ብሎ አይተኛም ባይ ነው። መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ እግሯን ነክሮ ያስነሳታል፣ የደሚራው ጭቃ ከሆዷ ይውጣ ብሎ። ጭቃው ሲወጣ እያየ "ይኸው የጎጃም አፈር፣ እዚህም ድረስ ተከተለኝ" ይላል፤ ጎጃሜ ነው። ከዚያ የቤንዚኑን ቱቦ ነቅሎ፣ ውስጧ ያለውን ጨርሳ በራሷ እስክትጠፋ ይጠብቃል። የተረፈ ቤንዚን ሲከርም ወይ ሙጫ ይሆናል ወይ ቀስ እያለ ይንጠባጠባል። ስትጠፋ ከእንጨት በሠራው መደገፊያ ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆማታል፣ ውሃው በእግሯ በኩል ወጥቶ እንዲያልቅ። የቤንዚን መያዣዎቹን አራግፎ ከመኽዘኑ ውጭ ጥላ ሥር ያስቀምጣል። በመጨረሻ ከሥሯ ሲኒያ ያስገባና ደረቅ አሸዋ ያለብሰዋል። ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብሎ እየዞረ ያያል፤ አሸዋው የጠቆረበት ካለ ያቺ ሞተር ያን ቀን ሰላም የላትም፣ ብሎኗ ሁሉ ይፈተሻል።

ተጋባን። እንዴት እንደጠየቀኝ አልነግራችሁም፣ ያሳፍራል፤ ሸራ ሲለካ ነው የጠየቀኝ። በሠርጋችን ሰሞን ጎረቤቴ ዘምዘም የሚያምር ትልቅ ሲኒያ አመጣችልኝ። አንድ ቀን እንኳ ሳልበላበት ጠፋ።

"ሲኒያዬ የት ገባ?" አልኩት።

"እኔ ወስጄው ነው።"

"ለማን?"

"ለትልቋ" አለኝ፣ ምንም ሳያፍር።

ትልቋ ማን እንደሆነች እስኪገባኝ ድረስ ደሜ ፈላ። ለካ ስድሳ ፈረስ ጉልበት ያላት ሞተር ናት። መልሶ ሲያመጣው በሳሙና ብፈትገው፣ በሎሚ ባሸው፣ በፀሐይ ባሰጣው ቤንዚኑ አልለቅ አለ። ትልቋ ወሰደችው፣ በቃ።

የሞተሮቹን ልብስ የምሰፋው ደግሞ እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ውሃ እንዳያስገባ ብዬ በናይሎን ሰፋሁ፣ ከግርጌም ቋጠርኩት። በሳምንቱ ይዞት መጣ፣ "አልቧታል" ብሎ። "ሞተር ያልባታል ወይ?" ብዬ ጮኽኩበት። ከውስጥ በኩል ገልብጦ አሳየኝ፣ እውነትም እርጥብ ነው። ተናድጄ ፈታሁትና በጥጥ ሸራ እንደገና ሠራሁት፣ ከታች ክፍት አድርጌ። አየር ይገባል፣ የሀቡቡ፣ የአሸዋ ማዕበሉ፣ አቧራ ግን ከላይ አይደርስባትም። ያን ጊዜ ግን "እጅሽ ይባረክ" አለኝ። አያችሁ፣ ሲፈልግ ይችላል።

ያ ዘመን ይናፍቀኛል። አሁን ግቢው ተሽጦ አጥር ዞሮበታል፣ ሳልፍ ቀና ብዬም አላይም። ያኔ በፍልሰታ ሥራ ከፈታሁ ምሳ ቋጥሬለት እሄዳለሁ። በግቢው እሳት ክልክል ነው፤ እንግዳ ሲጋራ ይዞ ሲገባ ጥዑመልሳን እጁን ይዞ ነው የሚያስወጣው፣ የማሕሙድ ዘመድ ቢሆንም። ስለዚህ የምንበላው የቀዘቀዘ ሽሮ ነው። ኒም ዛፍ ሥር እንቀመጣለን፣ ወንዙ ደፍርሶ ግንድ እየተሸከመ ያልፋል፣ ከኋላችን መኽዘኑ ውስጥ ሞተሮቹ ሸራቸውን ለብሰው ተደርድረዋል። እሱ አያወራም። እኔ አወራለሁ። ምን ጎድሎኝ ነበር? ምንም።

አንድ ነገር ብቻ እፈራ ነበር፣ ሊቢያ። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ያወራው የነበረው ስለሱ ነው። እከሌ ተሻገረ፣ እከሌ ጣልያን ገባ፣ ፎቶ ላከ። ጥዑመልሳን ኢቃማው ወጥቶለት ነበር፣ ግን ማሳደሱ በየጊዜው መከራ ነው፤ ከሻ አፍሶት ኑግጣ ያደረም ጊዜ አለ። ከዚያ ሲመለስ ግድግዳ እያየ ይውላል። ያኔ ይሄዳል እላለሁ በልቤ፣ ውሃው ሲጎድል ይሄዳል። ሞተሮቹ መኽዘን እስካሉ ድረስ ጥሏቸው እንደማይወጣ አውቃለሁ። ስለዚህ ሰው ሁሉ መስቀልን ሲናፍቅ እኔ እፈራው ነበር።

አንድ ዓመት ለመስቀል ጥቂት ሲቀረው ደመቀ ሰው ይዞ ስፌት ቤቴ መጣ። ደመቀ የባሌ ያገሩ ልጅ ነው፣ መተማን አብረው ነው የተሻገሩት፤ ካላክላ የሚባል ሰፈር እየኖረ አርካዊት ሰፈር ያለ ምግብ ቤት ሳህን ያጥባል። የመጣው ሰው ሰምሳሪ ነበር፣ ደላላ። ጥዑመልሳንም ለሸራ መጥቶ እዚያው ነበር።

ሰምሳሪው ሻዩን እያማሰለ ተናገረ፤ ሞተሩን ማክና ነው የሚለው። "አንተ ማክና ታውቃለህ ተብያለሁ። ባሕር ላይ ማክና የሚያውቅ ሰው ነው የጎደለን። ጀልባውን ትነዳለህ፣ አንተም ደመቀም በነጻ ትሻገራላችሁ። ያላ፣ ምን ትላለህ?"

እኔ የስፌት መኪናዬን መርገጥ አቆምኩ። ጥዑመልሳን አላየኝም። ፊቱ ላይ ያየሁትን አውቀዋለሁ፣ ጓጉቷል።

"ስንት ፈረስ ነው ማክናው?" ብሎ ጠየቀ።

"አርባ።"

"ስንት ሰው ነው የሚጫነው?"

"ኢንሻአላህ ይበቃችኋል።"

"ከተሻገርን በኋላስ ማን ያነሳዋል? የት ነው የሚቀመጠው?"

ሰምሳሪው ሳቀ። "ማስቀመጥ ምን ያደርጋል? እዚያው ይቀራል። ለአንድ ጉዞ የተገዛ ነው።"

ጥዑመልሳን ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ። እኔ መርፌው ላይ አፍጥጬ ማርያምን እለምናለሁ።

"ደመቀ" አለ ኋላ ላይ በአማርኛ። "ሞተሩን ማንም አያነሳውም እኮ።"

"ሞተሩ ምናችን ነው? እኛ እንሻገር እንጂ።"

"መመለሱን ካላሰቡ፣ መንገድ ላይ ቢቆምም ግድ የላቸውም። እኛም ብንቆም ግድ የላቸውም።" ወደ ሰምሳሪው ዞሮ በሚችላት ዓረብኛ "እኔ አልሄድም" አለው። ከዚያ ሸራውን ተሸክሞ ወጣ። እኔ ከመኪናዬ ሥር የወደቀ ነገር የምፈልግ መስዬ ጎንበስ ብዬ አለቀስኩ፣ ከደስታ ነው።

ደመቀ ግን አልቀረም። "አንተ ሚስት አለህ፣ ኢቃማ አለህ" አለው። ባሌ ሊያስቀረው ያልተናገረው ነገር የለም፣ እኔም ተቆጣሁት፣ አልሰማም። በመጨረሻ ደመቀ አንድ ነገር ለመነው፣ "እንግዲያው አስተምረኝ፣ በአንተ ቦታ እኔ ልንዳው" ብሎ። ባሌ እምቢ ማለት አልሆነለትም። የማያውቅ ሰው ከሚይዘው የሚያውቅ ይያዘው ብሎ ነው። መስቀል አልፎ ውሃው ሲጎድል ማሕሙድን አስፈቅዶ፣ ትልቋን አውጥቶ፣ ደመቀን ወንዙ ላይ ይዞት ዋለ። ገመዱ እንዴት እንደሚሳብ፣ ቤንዚን ሲበዛባት ምን እንደሚደረግ፣ ማዕበል ሲመጣ የጀልባዋ አፍንጫ ወዴት እንደሚዞር። እኔ ዳር ላይ ሆኜ አያቸው ነበር። ደመቀ ቶሎ ገባው፣ እየሳቀ እጁን አውለበለበልኝ።

ደመቀ ከሊቢያ አንድ ጊዜ ደወለ። ሞተሩን አሸዋ ላይ አጋድመውት ከሥሩ ቤንዚን እያንጠባጠበ እንደሆነ ነገረው። ጥዑመልሳን ዓይኑን ጨፍኖ፣ የሌለውን ሞተር በእጁ እየዳሰሰ መራው፤ አቁመው፣ ቱቦውን ንቀል፣ የላላው ማሰሪያ የቱ ጋ ነው፣ አጥብቀው። "እሺ፣ መንጠባጠቡ ቆመ" አለ ደመቀ። "ደመቀ፣ ብትተወውስ?" አለው ባሌ። "ነጂው አንተ ነህ ብለውኛል፣ ወዴት እሄዳለሁ?" አለ። መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ አልደወለም።

የደመቀ እናት ከጎጃም ትደውላለች። እኔ ስልኩን አላነሳም፣ አልችልም። ጥዑመልሳን ነው የሚያነሳው። ተነስቶ ቆሞ ነው የሚያናግራት። እሷም የምትጠይቀው ሁሌም አንድ ነው፤ ልጄ ሞተሩን በደንብ ያውቀዋል አይደል፣ ትለዋለች።

"ያውቃል እማማ" ይላታል። "እኔ ነኝ ያስተማርኩት።"